በረኪናን በልክ፦ አካባቢን ሳይጎዱ የዩኒቨርሲቲ ግቢን ማጽዳት

በብዙ የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አንድ መጸዳጃ ቤት መጽዳቱ የሚታወቀው በጠረኑ ነው። ዓይን የሚያስለቅስ የበረኪና ሽታ ኮሪደሩን ካልሞላው ሥራው እንዳልተሠራ ይቆጠራል። የጽዳት ሠራተኛዋም ይህን ስለምታውቅ በረኪናውን ሳትለካ ከጠርሙሱ በቀጥታ ወለሉ ላይ ታፈሰዋለች። ቆሻሻው ሳይነሳ ኬሚካሉ ይባክናል፣ የሠራተኛዋ እጅና ሳንባ ይጎዳል፣ የቀረው ደግሞ በፍሳሽ መስመሩ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ ይወርዳል።

አካባቢን የማይጎዳ ጽዳት ሲባል ብዙ ሰው ከውጭ የሚመጣ ውድ ሳሙና ይታየዋል። ለዚህ ሥራ ግን አዲስ ሸቀጥ መግዛት የግድ አይደለም። ቆሻሻ እንዳይገባ መከላከል፣ የገባውን በውሃ፣ በሳሙናና በፍትጊያ ማንሳት፣ ጠንካራ ኬሚካልን ደግሞ የግድ በሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ ለክቶ መጠቀም ይበቃል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ዶርማቸውን ለሚያጸዱ ተማሪዎች፣ ለፕሮክተሮች፣ ለአካባቢ ጥበቃ ክበባት እና የግቢውን ጽዳት ለሚመሩ ኃላፊዎች ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጀመር አያስፈልግም፤ አንድ ሕንጻ መርጣችሁ በቅደም ተከተል ሂዱ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

• 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ (ከማንኛውም መድኃኒት ቤት ይገኛል)
• ባለ 10 ሊትር ባልዲ፣ ሁለት
• በቀለም የተለያዩ የመወልወያ ጨርቆች፤ ከተገኘ ማይክሮፋይበር
• የጎማ ጓንትና የፕላስቲክ ቦት ጫማ
• ፈሳሽ ሳሙና፣ አቼቶ እና በረኪና
• ብሩሽ፣ መጥረጊያ፣ መወልወያ
• አንድ ደብተርና እስክሪብቶ

1. ፍሳሹ ወዴት እንደሚሄድ እወቁ

ከግቢያችሁ ጥገና ክፍል አንድ ባለሙያ ይዛችሁ የአንዱን ሕንጻ የፍሳሽ መስመር እስከ መጨረሻው ተከተሉት። መስመሩ የሚያበቃው በሴፕቲክ ታንክ፣ በማጣሪያ ጣቢያ ወይም በክፍት ቦይ ሊሆን ይችላል፤ የምትጠቀሙበትን ነገር የሚወስነውም ይኸው ነው።

ሴፕቲክ ታንክ የሚሠራው በባክቴሪያ ነው። ደረቁን ዝቃጭ የሚያብላሉት እነዚህ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ በየቀኑ ያልተለካ በረኪና ሲወርድባቸው ይሞታሉ፣ ታንኩም ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ በረኪና በገፍ የሚያፈስ ግቢ ለፍሳሽ መምጠጫ መኪናም ደጋግሞ ይከፍላል።

መስመሩ ወደ ክፍት ውሃ የሚያመራ ከሆነ ጉዳዩ ይበልጥ ከባድ ነው። ባሕር ዳር ላይ ጣና አለ፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እምቦጭ ያስቸገረው ይህ ሐይቅ ከእርሻና ከከተማ የሚገባበት ንጥረ ነገር አረሙን ይመግበዋል። በአንዳንድ የዱቄት ሳሙናዎች ውስጥ ያለው ፎስፌትም ከዚያው ወገን ነው። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ነገር እዚያው ይከማቻል። በአዲስ አበባ ደግሞ ብዙዎቹ ጅረቶች ወደ አቃቂ ወንዝ ይገባሉ፤ በዚያ ውሃ አትክልት ይለማበታል። ዶርም ውስጥ የፈሰሰው ነገር በሰላጣ ቅጠል ላይ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው።

2. የምታጸዳዋን ጠይቁ

ከማንኛውም የሥራ ዕቅድ በፊት የሕንጻችሁን የጽዳት ሠራተኞች አነጋግሩ። «እትዬ፣ እጅዎን የሚያቃጥልዎ የትኛው ነው? ሲሠሩ የሚያስልዎትስ?» ብላችሁ ጠይቁ። የትኛው ቧንቧ እንደሚያንጠባጥብ፣ የትኛው ወለል ውሃ እንደሚያቁር፣ ውሃ በስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። አካባቢ ማለት ወንዙና ሐይቁ ብቻ አይደለም፤ ኬሚካሉ መጀመሪያ የሚያገኘው የእነርሱን ቆዳና ትንፋሽ ነው። ጓንት ሳይሰጥ አካባቢን እጠብቃለሁ የሚል ግቢ ሥራውን ከመሃል ጀምሯል።

የሚናገሩትን በደብተራችሁ ጻፉ። በዚያው ሳምንት አንድ ነገር እንኳ፣ ጓንት መግዛትም ይሁን የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ማስጠገን፣ ከተፈጸመ ለቀጣዩ ሥራ በሙሉ ልብ አብረዋችሁ ይቆማሉ።

3. ቆሻሻው ከበር እንዲቀር አድርጉ

ወደ ሕንጻ የሚገባው አቧራና ጭቃ አብዛኛው በጫማ የሚመጣ ነው። በክረምት ከእያንዳንዱ መግቢያ ፊት ለፊት ጭቃ መፋቂያ ብረት አስተክሉ፤ ከእሱ ቀጥሎ ጆንያ ወይም ሸካራ ምንጣፍ አንጥፉ። ምንጣፉ ሁለት ሦስት እርምጃ የሚያስኬድ ርዝመት ይኑረው፤ አጭር ከሆነ ሰው ተሻግሮት ያልፋል። በየዕለቱ ውጭ ይራገፍ።

ደረቅ ወለል በደረቁ ሲጠረግ አቧራው ይነሳና ተመልሶ ጠረጴዛና መጻሕፍት ላይ ያርፋል፤ የጠራጊዋም ሳንባ ውስጥ ይገባል። ሊሾ ወለል ላይ በእጅ ጥቂት ውሃ አርከፍክፉ ወይም እርጥብ ሰጋቱራ በትኑና ጥረጉ። በላይብረሪና በክፍሎች እርጥብ መወልወያ ይበቃል። ወለልን በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ መወልወል ግን ይቅር፤ ትነቱ ለራስ ምታት ይዳርጋል፣ እሳትም ይጋብዛል።

4. ልኩን ያዙ

የዚህ መመሪያ ልብ እዚህ ላይ ነው። ማጽዳትና ጀርም መግደል ሁለት ሥራዎች ናቸው። ሳሙናና ፍትጊያ ቆሻሻውን ያነሳሉ፤ ከቆሻሻው ጋር አብዛኛው ጀርምም ይሄዳል። በረኪና ቆሻሻ አያነሳም፤ የጸዳ ነገር ላይ የቀረውን ጀርም ይገድላል። ቆሻሻ ላይ ከፈሰሰ ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሳሙና ይቀድማል።

የመማሪያ ክፍል ወለል፣ የላይብረሪ ጠረጴዛ፣ ኮሪደርና ቢሮ በዕለት ተዕለት ጽዳት በረኪና አያስፈልጋቸውም። የሳሙና ውሃ ይበቃቸዋል። ይህን ብቻ ተግባራዊ ብታደርጉ የግቢው የበረኪና ፍጆታ በግልጽ ይቀንሳል።

ለሚያስፈልገው ቦታ የሚከተለውን ልክ ተጠቀሙ። ልኩ የተሰላው 5 በመቶ ገደማ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ላለው የተለመደ የቤት በረኪና ነው፤ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አስቀድማችሁ አንብቡ።

• ለመጸዳጃ ቤት፣ ለበር እጀታ፣ ለደረጃ መደገፊያ፦ 1 ሲሪንጅ (20 ሚሊ ሊትር) በረኪና በ1 ሊትር ውሃ። ይህ 0.1 በመቶ ያህል ነው።
• ታጥበው ለተለቀለቁ የካፌ ሳህኖችና ኩባያዎች፦ 1 ሲሪንጅ በረኪና በ10 ሊትር ውሃ፤ 0.01 በመቶ ያህል።
• ደም ወይም ትውከት ለፈሰሰበት ቦታ፦ 5 ሲሪንጅ (100 ሚሊ ሊትር) በረኪና በ900 ሚሊ ሊትር ውሃ፤ 0.5 በመቶ።

በየቀኑ በሲሪንጅ መለካት ለሚያደክማት ሠራተኛ አንድ ባዶ የሀይላንድ ጠርሙስ አዘጋጁላት። አሥር ሲሪንጅ ውሃ ጨምሩበትና ውሃው የደረሰበት ላይ በማይለቅ ቀለም መስመር አስምሩ። መስመሩ 200 ሚሊ ሊትር ነው፤ እስከዚያ የተሞላ በረኪና ለአንድ ባለ 10 ሊትር ባልዲ የመጸዳጃ ቤት ድብልቅ ይሆናል። «መለኪያ፤ አይጠጣም» ብላችሁ ጻፉበትና ከዕቃ ቤት እንዳይወጣ አድርጉ።

ድብልቁ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘጋጅ፤ ሙቅ ውሃ በረኪናውን ያዳክመዋል። የየቀኑ በየቀኑ ይሠራ፣ ያደረ ድብልቅ አይታመንም። ዋናው ጠርሙስ ፀሐይ በማይነካው ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። ስያሜ በሌለው ዕቃ ተሞልቶ የሚሸጥ በረኪና አትግዙ፤ ጥንካሬው ስለማይታወቅ መለካቱም ትርጉም አይኖረውም።

5. መጸዳጃ ቤቱን በዚህ ቅደም ተከተል አጽዱ

ሀ. ጓንትና ቦት ጫማ አድርጉ፤ መስኮትና በር ክፈቱ።
ለ. ደረቁን ቆሻሻ፣ ወረቀቱንና የንጽህና መጠበቂያውን አንስታችሁ ለብቻው በተዘጋጀ ዕቃ አስገቡ።
ሐ. መጸዳጃውን በውሃ አጥቡ። ሽንት በደንብ ሳይታጠብ በረኪና ከነካው ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። ብዙ ሰው የበረኪናው ጥንካሬ ነው ብሎ የሚያስበው ጠረን የሚመጣውም ከዚህ ነው።
መ. በሳሙና ውሃ ከላይ ወደ ታች፣ ከንጹሕ ወደ ቆሻሻ ሂዱ። መስታወት፣ የእጅ መታጠቢያ፣ የበር እጀታ፣ ግድግዳ፣ በመጨረሻ መጸዳጃው። ለመጸዳጃው የተለየ ቀይ ጨርቅና ብሩሽ ይኑር፤ ያ ጨርቅ ሌላ ነገር አይንካ።
ሠ. ሳሙናውን አለቅልቁ።
ረ. የተለካውን የበረኪና ድብልቅ ቀቡና 10 ደቂቃ ተዉት። ወዲያው ከተጠረገ ሳይሠራ ሄደ ማለት ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ኮሪደሩን ወልውሉ።
ሰ. ሰው የሚነካውን በውሃ አለቅልቁ፤ ወለሉን አድርቁ። እርጥብ ወለል ያንሸራትታል፣ ሻጋታም ያበቅላል።

ለኮሪደሩ ሁለቱን ባልዲዎች አውጡ፤ በአንዱ የሳሙና ውሃ፣ በሌላው መወልወያው የሚታጠብበት ንጹሕ ውሃ ይሁን። በአንድ ባልዲ የሚወለወል ወለል ቆሻሻው ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይዛወራል እንጂ አይጸዳም። ጨርቅን ደግሞ ለሁለት፣ መልሳችሁ ለሁለት እጠፉት፤ ገልበጥ ገልበጥ እያደረጋችሁ ስምንት ንጹሕ ገጽ ታገኛላችሁ፣ ውሃም ትቆጥባላችሁ።

ቧንቧና መታጠቢያ ላይ የሚጋገረውን ነጭ የውሃ ድንጋይ ለማስለቀቅ ሸክላውንና ሳንባን የሚበላው አሲድ አያስፈልግም። ጨርቅ በአቼቶ ንከሩና ቧንቧው ላይ ጠቅልላችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት በብሩሽ ሲፈተግ ይለቃል። ሎሚም ይሠራል። አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ተቀላቅለው ሲፈሉ ብዙ ሰው ጉልበታቸው የጨመረ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን አንዱ ሌላውን ያከሽፈዋል። ለየብቻ ተጠቀሙባቸው።

ፈጽሞ የማይቀላቀሉ

በረኪናን ከአሲድ፣ ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር አትቀላቅሉ፤ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አሞኒያ ካለው የመስታወት ማጽጃ ጋርም አትቀላቅሉ። አቼቶ በተጠቀማችሁበት ቦታ በረኪና ለሌላ ቀን ይቆይ። በስህተት ከተቀላቀለ ለማጽዳት አትሞክሩ፤ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ውጡ፣ ሌላ ሰው እንዳይገባ ጠብቁ፤ ዓይኑ የተቃጠለ ሰው 15 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፣ ከዚያ ወደ ክሊኒክ ይሂድ። ይህን ማስጠንቀቂያ በሰፈሩ ቋንቋ በትልቁ ጽፋችሁ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ለጥፉ።

6. ዶርም ውስጥ ትኋንን ያለ መርዝ ተዋጉ

ትኋን ሲበዛ ተማሪዎች ለእርሻ የተዘጋጀ ማላታይን ገዝተው መኝታ ክፍል ውስጥ ይረጫሉ። በዚያ ክፍል ስድስትም ስምንትም ሰው ይተኛል፣ ዳቦ ይበላል፣ ሌሊቱን በር ዘግቶ ይተነፍሳል። በሌላ በኩል ትኋን በተለመዱት የቤት መርጫዎች ውስጥ ያለውን ፓይረትሮይድ የሚባል መርዝ በብዙ አገር ተለማምዶታል።

ትኋን የማይለምደው ሙቀትን ነው። ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት አዋቂውንም እንቁላሉንም ይገድላል። ስለዚህ የብረት አልጋዎቹን ደጅ አውጡ፤ መጋጠሚያዎቹ፣ ቡሎኖቹና የቱቦዎቹ ክፍት አፎች ውስጥ የፈላ ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ትኋን የሚደበቀው እዚያ ነው። አንሶላና ብርድ ልብስ በ60 ዲግሪ ውሃ ይታጠብ፤ ቴርሞሜትር ከሌላችሁ እጅ የማይችለው ትኩስ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉና በእንጨት አማስሉት። የፍራሹን ስፌት በደረቅ ብሩሽ ፈትጉ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ቦታ መደበቂያው ነው። የግድግዳ ስንጥቅ በጄሶ ይደፈን።

ከዚያ በኋላ ሥራው አላለቀም። እንቁላሉ በ6 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል፤ ስለዚህ ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ከዚያም በሳምንቱ ድገሙት። አንድ ክፍል ብቻውን ቢያጸዳ ከጎረቤት ይመጣበታልና ፕሮክተሩ ፎቁን በሙሉ በአንድ ቀን ያስተባብር።

7. ካፌና ወጥ ቤት

ሳህን ከመታጠቡ በፊት ትርፍራፊው ለብቻው በርሜል ውስጥ ይጠረግ። ይህች ትንሽ ሥራ ሳሙናም ውሃም ትቆጥባለች፤ ቧንቧም አይደፈንም። ዘይት ወደ ማጠቢያ አይፈስም፤ በጀሪካን ተጠራቅሞ ይወገድ። ትርፍራፊውን ከግቢው ደረቅ ቅጠል ጋር፣ አንድ እጅ ትርፍራፊ ለሦስት እጅ ቅጠል እያነባበራችሁ አልፎ አልፎ ብትገለብጡት ለችግኝ ጣቢያችሁ ኮምፖስት ይሆናል።

ዕቃ በሦስት ገንዳ ይታጠብ፦ በሙቅ ሳሙና ውሃ፣ በንጹሕ ውሃ፣ ከዚያ ከላይ በተጻፈው 0.01 በመቶ የበረኪና ድብልቅ። በሦስተኛው ውስጥ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቆይና በፎጣ ሳይነካ በራሱ ይድረቅ። ጥላሸት የያዘ የብረት ድስት በተነፋ የእንጨት አመድና በእርጥብ ጨርቅ ሲፈተግ ይለቃል፤ አመድ ቅባት ይቆርጣል። የአሉሚኒየም ድስት ላይ ግን አትጠቀሙበት፣ ብረቱን ይበላዋል።

8. ልብስ ማጠብ እና የእንዶድ ነገር

አረፋ የጽዳት መለኪያ አይደለም። ብዙ ዱቄት የጨመረ ሰው ለማለቅለቅ እጥፍ ውሃ ያወጣል። ልብሱን ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት፤ አንገቱንና እጅጌውን በደረቅ ሳሙና ፈትጉ። ከተቻለ ፎስፌት የሌለው ሳሙና ምረጡ። የመጨረሻው የማለቅለቂያ ውሃ አይደፋ፤ በጀሪካን ይቀመጥና ውሃ ሲጠፋ ለመጸዳጃ ይሁን። በረኪና የነካው ውሃ ግን አትክልት ላይ አይፈስም።

«የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባል ሁልጊዜ እውነት አይደለም። እናቶቻችን ነጠላ ያጠቡበት የነበረው እንዶድ ለዚህ ምስክር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ጅረት ከማጠቢያው በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ የመከላከል ምርምራቸው የተነሳው ከዚህ ነው፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለውበታል። በስማቸው የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። እንዶድ ዓሣንም ይጎዳል። ስለዚህ በእንዶድ ማጠብ የምትፈልጉ እጠቡ፤ ውሃውን ግን ወደ ጅረት ወይም ወደ ሐይቅ አትድፉ።

9. ግቢውና ቆሻሻው

ከዶርም ጀርባ ቅጠልና ፌስታል አብሮ ማቃጠል ይቁም። ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ዳይኦክሲንን የመሰለ መርዝ ይይዛል፤ መስኮት ከፍቶ የሚያጠና ተማሪ ይተነፍሰዋል። ቅጠሉ ወደ ኮምፖስት፣ የፕላስቲክ ጠርሙሱ ለሚሰበስቡት ይሂድ። የላቦራቶሪና የክሊኒክ ቆሻሻ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ በሚመለከተው ክፍል ለብቻው ይያዝ እንጂ ወደ ማጠቢያ አይፍሰስ።

10. መዝግቡ፣ ከዚያ ግዢውን አስተካክሉ

በደብተራችሁ በየሳምንቱ ሦስት ነገር ጻፉ፦ በሕንጻው ያለቀው በረኪና በሊትር፣ ያለቀው ሳሙና፣ እና ተማሪዎችና ሠራተኞች ያቀረቡት ቅሬታ። ለማነጻጸር እንዲመቻችሁ ለውጡን ከመጀመራችሁ በፊት ያለውን አንድ ወር መዝግባችሁ ያዙ።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ቁጥሩን ይዛችሁ የግዢ ክፍሉ ዘንድ ግቡ። የምትጠይቁትም ዝርዝር ይሁን፦ የበረኪናው ጥንካሬ በመቶኛ የተጻፈበት ይሁን፤ ፈሳሽ ሳሙና በ20 ሊትር ጀሪካን ተገዝቶ በየሕንጻው ይከፋፈል፤ የዱቄት ሳሙና ፎስፌት የሌለው ይመረጥ፤ ከእያንዳንዱ የኬሚካል ግዢ ጋር ጓንት አብሮ ይገዛ። ኃላፊዎች «አካባቢን እንጠብቅ» የሚለውን ብዙ ጊዜ ሰምተዋል። በአንድ ሕንጻ ይህን ያህል ሊትር እንደተረፈ፣ መጸዳጃ ቤቱም እንዳልቆሸሸ የሚያሳይ ደብተር ግን በጀት ያስቀይራል።

መጀመሪያችሁ የሚቀጥለው ቅዳሜ ይሁን። አንድ ፎቅ፣ አንድ ሲሪንጅ፣ ሁለት ባልዲ፣ አንድ ደብተር። ሠራተኞቹን በልኩ ላይ አሠልጥኑ፣ ፕሮክተሩን አሳምኑ፣ የክፍል ጓደኞቻችሁን በተራ መድቡ። ጥሩ የጸዳ መጸዳጃ ቤት ምንም አይሸትም፤ የበረኪናም የሽንትም። ሥራችሁን በዚህ ለኩት።